ለኳስ ተጫዋች የትኛው መጠጥ ይሻላል? ከሚዛንና ከደብተር የተማርኩት

ጨዋታው 72ኛው ደቂቃ ላይ ደርሷል። ማዕዘን ምት ልመታ ኳሷን አስተካክዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ልክ ልነሳ ስል የቀኝ ባቴ ጭምድድ ብሎ ያዘኝ። እንደ ድንጋይ ጠጠረ። እዚያው ወደቅኩ። ስገላበጥ ሆዴ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ከጨዋታው በፊት አንድ ቆርቆሮ ኃይል ሰጪ መጠጥ ጠጥቼ ነበር። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ግማሽ ሊትር የስፖርት መጠጥ ሳልተነፍስ ጨርሻለሁ። ያን ሁሉ ጠጥቼ አፌ ደርቋል፣ ሆዴ ተነፍቷል፣ እግሬ አልታዘዝ ብሏል።

ወጌሻችን በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ተንበርክከው ተረከዜን በአንድ እጃቸው ያዙ፣ በሌላው የእግሬን ጣቶች ወደ እኔ ገፉ።

"ዛሬ ምን ምን ጠጣህ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው።

"ለምን እሱን መረጥክ?"

መልስ አጣሁ። ሌሎች ሲጠጡት ስላየሁ ነው የጠጣሁት።

በኋላ እንደገባኝ እንዲህ ያለውን የጡንቻ መጨማደድ፣ ክራምፕን፣ መጠጥ ብቻ አያመጣውም፣ መጠጥ ብቻም አያድነውም። ብዙ ጊዜ ዋናው ምክንያት የደከመ ጡንቻ ነው። እኔ በዚያ ሰሞን ልምምድ አቋርጬ ነበር። ቢሆንም የጋሼ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ የምጠጣውን እየለካሁ፣ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ለራሴ ነበር። ቀስ በቀስ የቡድኑን ኮዳዎች የማዘጋጀው እኔ ሆንኩ። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ያገኘሁትን ነው። ሐኪም አይደለሁም። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ተጫዋች ከዚህ ውስጥ አንዱንም ከመሞከሩ በፊት የራሱን ሐኪም ያማክር።

ስጀምር የተሳሳትኩት መጠጦቹን እርስ በርስ በማወዳደር ነው። አምስት ጠርሙስ ደርድሬ ቀመስኩ። ምንም አልተማርኩም። ቤት ቁጭ ብለው ሲቀምሱት የሚጣፍጥ መጠጥና በ60ኛው ደቂቃ እሺ ብሎ የሚወርድ መጠጥ በጣም የተለያዩ ናቸው። መንገዱን ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው። "መጀመሪያ ከአንተ የሚወጣውን እወቅ። የምታስገባውን ከዚያ ትመርጣለህ" አሉኝ።

ለዚህ ተራ የቤት ሚዛን ይበቃል። ከጨዋታ በፊት ሽንት ቤት ደርሼ እመጣና በውስጥ ሱሪ ብቻ እመዘናለሁ። ከጨዋታ በኋላ ላቤን በፎጣ አደራርቄ ደግሜ እመዘናለሁ። ማሊያና ካልሲ ላብ ስለሚጠጡ ከነሱ ጋር መመዘን ያሳስታል። በመሃል የጠጣሁትን ደግሞ ኮዳው ላይ በማርከር ካሰመርኳቸው መስመሮች አነባለሁ።

የመጀመሪያው ልኬቴ ደብተሬ አናት ላይ አለ። ስገባ 74.2 ኪሎ። ስወጣ 72.6። የጠጣሁት 600 ሚሊ ሊትር። የጎደለው 1.6 ኪሎ ላይ የጠጣሁት ሲደመር 2.2 ሊትር ላብ ወጥቶኛል ማለት ነው። ቁጥሩን ሦስቴ ደምሬዋለሁ። በላብ የሚጎድለው ከሰውነት ክብደት 2 ከመቶ ሲያልፍ፣ በተለይ በሙቀት፣ የብዙ ሰው ብርታት መቀነስ ይጀምራል። የእኔ 2.2 ከመቶ ነበር። ያ ቀን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ኳስ ከእግሬ ስር እየወጣ ያስቸገረኝ ቀን ነው።

ከዚያ የቡድን ጓደኞቼን ለመንኩ። መልበሻ ክፍል ውስጥ ሚዛኑን ጥግ ላይ አስቀምጬ አንድ በአንድ መዘንኳቸው። በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሙቀት፣ 90 ደቂቃ የተጫወተው የመሃል ተከላካያችን የጎደለው 700 ግራም ብቻ ነው። በረኛችን ከዚያም ያነሰ። የቀኝ መስመር ተከላካያችን ግን ወደ ሁለት ኪሎ ተጠግቷል። ጥቁር ማሊያው ደረቱና ጀርባው ላይ ነጭ ካርታ የመሰለ የጨው ምልክት ይዞ ነበር። ጨዋማ ላብ ያለበትን ተጫዋች ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ሲደርቅ ቆዳው ላይ ሻካራ ነገር ይቀራል፣ ዓይኑ ውስጥ ሲገባም ክፉኛ ያቃጥለዋል። አንድ ሊትር ላብ ከግማሽ ግራም ያነሰ ሶዲየምም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ነው)፣ ከአንድ ግራም ተኩል በላይም ሊይዝ ይችላል። ልዩነቱ ከሰው ሰው ሦስት፣ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ "ለኳስ ተጫዋች የሚሆነው መጠጥ የቱ ነው?" ሲሉኝ የምመልሰው "ለየትኛው ተጫዋች?" ብዬ ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ አንድ ተቀያሪ ልጅ ነው። ቀኑ ቀዝቃዛ ነበር። የገባው የመጨረሻዎቹን 20 ደቂቃዎች ነው። ግን "ውሃ በደንብ ጠጡ" ስለተባለ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ሊትር ያህል ጠጥቷል። ስመዝነው ከገባበት አንድ ኪሎ ገደማ ጨምሯል። ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። እኔ የውሃ ጥም መስሎኝ ሌላ ኮዳ ላቀብለው ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ውሃ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል። ሲብስ ሰው ግራ ይጋባል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሕይወትም ያልፋል። ልጁን በዚያኑ ሰዓት ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ደህና ሆነ። ያን ቀን ማታ ደብተሬ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ከገባበት ክብደት በላይ ይዞ የሚወጣ ተጫዋች ከልክ በላይ ጠጥቷል። የስፖርት መጠጥም ቢሆን ከዚህ አያድንም። ውስጡ ያለው ሶዲየም በደማችን ካለው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ከፊት ያለውን ሥዕልና ትልልቅ ጽሑፍ ተዉትና አዙሩት። እኔ ሦስት ቁጥር ነው የምፈልገው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት አለ? ስንት ሚሊ ግራም ሶዲየም? ጠርሙሱ በጠቅላላ ስንት ሚሊ ሊትር ይይዛል? አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ቁጥሩ የሚጻፈው "ለአንድ ጊዜ መጠን" ተብሎ ነው፣ ጠርሙሱ ግን ሁለት ወይም ሁለት ተኩል መጠን ይይዛል። እኔ ራሴ ለወራት 14 ግራም ስኳር የምጠጣ መስሎኝ 35 እጠጣ ነበር። ደግሞ አንዳንዱ ሶዲየም ብሎ አይጽፍም፣ ጨው ብሎ ነው። ያን ጊዜ የጨውን ቁጥር ለ2.5 አካፍሉት፣ ሶዲየሙን ታገኛላችሁ።

ካርቦሃይድሬቱ በ100 ሚሊ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም ከሆነ ለጨዋታ መሃል የተሠራ መጠጥ ነው። የታወቁት የስፖርት መጠጦች አብዛኞቹ 6 አካባቢ ናቸው። ኮላን ብታዩት 10.6 ገደማ ነው። የፍራፍሬ ጭማቂና ኃይል ሰጪ መጠጥም ብዙ ጊዜ 10 እና 11 ላይ ናቸው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሜዳ ላይ ግን ሆድ ያውቀዋል። ስኳሩ ሲበዛ ጨጓራ ቶሎ አይለቀውም። አንጀት ሲደርስም ለማቅጠን ከሰውነት ውሃ ይስባል። የመንቦጫረቁ፣ የመነፋቱና የጎን ውጋቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጭማቂን በልምምድ ላይ ሞክሬዋለሁ። 400 ሚሊ ሊትር ጠጥቼ የአጭር ርቀት ሩጫ ስንጀምር ሦስተኛው ዙር ላይ ጎኔን ይዤ ቆምኩ። በግማሽ ውሃ አቅጥኜ፣ ቁንጥር ጨው ጨምሬ ስደግመው ግን ምንም አላለኝም።

ጠርሙስ ላይ አይሶቶኒክ፣ ሃይፖቶኒክ፣ ሃይፐርቶኒክ የሚሉ ቃላት ታያላችሁ። ነገሩ ከባድ አይደለም። አይሶቶኒክ ማለት የተሟሟው ነገር ብዛት ከደማችን ጋር የሚቀራረብ ነው። ሃይፖቶኒክ ከዚያ የቀጠነ፣ ውሃን ቶሎ የሚያደርስ ግን ጉልበቱ አነስ ያለ። ሃይፐርቶኒክ የወፈረ፣ ከጨዋታ በኋላ ቢሆን የሚሻለው። እኔ በጣም በሚሞቅ ቀን ወደ ቀጠነው አደላለሁ። ቀዝቀዝ ባለ ቀን፣ ላቡ ትንሽ ሩጫው ግን ያው ሲሆን፣ 6 በመቶውን፣ ማለትም በ100 ሚሊ ሊትር 6 ግራም ካርቦሃይድሬት ያለውን፣ እመርጣለሁ።

ሶዲየሙስ? በ100 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም አካባቢ ያለው እኔ ደህና የምለው ነው። ጨው የሚያስፈልገው ላብ የወሰደውን ለመተካት ብቻ አይደለም። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስና ሶዲየም ተያይዘው የሚያልፉበት በር አለ። ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላቸዋል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ኦአርኤስ ሕይወት የሚያተርፈው በዚሁ በር ነው። ብዙ ሰው "ታዲያ ኦአርኤስ ለምን አንጠጣም?" ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ ብቻ ነው የያዘው፣ ሶዲየሙ ደግሞ ከስፖርት መጠጥ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። የተሠራው የጎደለ ፈሳሽ ለመመለስ ነው፣ ለሩጫ የሚሆን ጉልበት የለውም። ጣዕሙም ጨው ጨው ስለሚል በጨዋታ መሃል ብዙ አይጠጣም። ያ ጨዋማ ላብ ያለው መስመር ተከላካያችን ግን ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ቀን ሲኖርብን ማታ ላይ ይጠጣዋል፣ ተስማምቶታልም።

አንድ ሌላ ዓይነት ጠርሙስ አለ፣ "ዜሮ ስኳር" የሚለው። ከስፖርት መጠጦቹ ጎን ተደርድሮ ይቀመጣል፣ ቀለሙም አንድ ነው። ጨው ይኖረዋል፣ ጉልበት ግን የለውም። ጉልበት ፈልጋችሁ ከገዛችሁት ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ለቀላል ልምምድ ግን ክፋት የለውም።

ጉልበቱ ለምን ያስፈልጋል የሚለውን ላብራራ፣ ምክንያቱም መቼ ውሃ ብቻ እንደሚበቃ የሚወስነው እሱ ነው። በአንድ ሙሉ ጨዋታ ጥሩ ደረጃ ላይ ያለ የሜዳ ተጫዋች ከ10 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ያውም በአንድ ፍጥነት አይደለም። ይራመዳል፣ ይፈተለካል፣ ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይዞራል። ፈጣኑ ሩጫ የሚነዳው ጡንቻ ውስጥ በተከማቸ ግላይኮጅን ነው። ግላይኮጅን ማለት ከምንበላው ካርቦሃይድሬት የተቀመጠ ስንቅ ነው። ወደ ጨዋታው መጨረሻ ብዙ የጡንቻ ክሮች ስንቃቸው ሊሟጠጥ ይደርሳል። 75ኛው ደቂቃ ላይ ጭንቅላታችሁ "ሂድ" ብሎ እግራችሁ የሚዘገየው አንዱ በዚህ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ጠንካራ እንቅስቃሴ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የሚመከረው ለዚህ ነው። 6 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር መጠጥ 30 ግራም ይሰጣል። ይህ ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ስኳር ነው።

ያ ስኳር 90 ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው ነዳጅ ነው። ለ45 ደቂቃ የኳስ ቅብብል ልምምድ ግን ትርፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ከሚያስፈልገው ጉልበት ከ10 ከመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 ከመቶ እንዲወርድ ይመክራል። 5 ከመቶ ማለት 25 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ጠርሙስ የስፖርት መጠጥ ያን አለፈ ማለት ነው። እኛ አሁን ልምምዱ ከአንድ ሰዓት ካነሰ ውሃ ብቻ ነው የምናወጣው። ቁርሱን ወይም ምሳውን በደንብ የበላ ተጫዋች ምንም አይጎድልበትም። ታዳጊዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ውሃ ነው የሚጠጡት። በዚህ ከወላጆች ጋር ተከራክሬያለሁ፣ ዛሬም እከራከራለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ 40 ደቂቃ ተጫውቶ ሰማያዊ የስፖርት መጠጥ ጠርሙስ አያስፈልገውም።

የስፖርት መጠጥ ታሪክ ራሱ ለእኛ አንድ ነገር ይነግረናል። ጌቶሬድ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1965 ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፣ በሮበርት ኬድና ባልደረቦቹ። የሞከሩት በዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ ነበር። ያ ጨዋታ በየደቂቃው ይቆማል፣ ተጫዋች ወጥቶ ይገባል፣ ኮዳውን እንደ ልቡ ያነሳል። የእኛ ኳስ ግን 45 ደቂቃ ይፈሳል። ስለዚህ ምን ልጠጣ ከሚለው እኩል መቼ ልጠጣ የሚለው ያስጨንቃል። በሙቀት ዳኛው ጨዋታውን የሚያቆምበት ሕግ አለ። የመጠጫ ፋታ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ የማቀዝቀዣ ፋታ ከአንድ ደቂቃ ተኩል እስከ ሦስት ደቂቃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 የብራዚል ዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ ፎርታሌዛ ላይ ሲገናኙ ይህን ፋታ አይተናል። እኛ በምንጫወትበት ደረጃ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀን የለም።

ስለዚህ ዕድሉን እራሳችን ነው የምንፈጥረው። ኮዳዎቹን በሁለቱም የመስመር ጠርዞች እና በጎሉ ጀርባ፣ ከመስመር ውጭ እናስቀምጣለን። ተጫዋች ሲጎዳና ወጌሻ ሲገባ፣ ቅርብ ያለው ሄዶ ሁለት ጉንጭ ይጠጣል። ሁለት ጉንጭ ብቻ። በእረፍት ሰዓት እኔ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር እጠጣለሁ፣ ግን መልበሻ ክፍል እንደገባሁ እጀምርና በትንሽ በትንሹ እጨርሳለሁ። 15 ደቂቃው ሊያልቅ ሲል አንድ ጊዜ የጋቱት መጠጥ ሁለተኛውን አጋማሽ ሆድ ውስጥ ነው የሚጀምረው። ከጨዋታው ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ ደግሞ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ከምግብ ጋር እወስዳለሁ፣ ትርፉ በሽንት እንዲወጣ ጊዜ ያገኛል። የሽንቴ ቀለም ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ዝግጁ ነኝ።

ሆዳቸው ምንም የማይቀበል ተጫዋቾች አሉ። አጥቂያችን እንዲህ ነው፣ ከጨዋታ በፊት ጭንቀት ሆዱን ይዘጋዋል። ለሱ የጠቀመው አፍን ማጉመጥመጥ ነው። ስኳር ያለውን መጠጥ ለአሥር ሰከንድ ያህል አፉ ውስጥ ያንከባልልና ይተፋዋል። አፍ ውስጥ ካርቦሃይድሬትን የሚያውቅ ነገር አለ፣ ምልክቱ አእምሮ ይደርሳል፣ ድካሙ ትንሽ ይቀልላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ብስክሌተኞች ላይ የአንድ ሰዓት ፈተና ተደርጎ ውጤታቸው 3 ከመቶ ገደማ ተሻሽሏል። ላቡን አይተካም፣ ግን ከምንም ይሻላል።

አዲስ መጠጥ በጨዋታ ቀን አልሞክርም። ይህን አንድ ጊዜ ጥሼ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። እያንዳንዱን መጠጥ ቢያንስ ሦስት ልምምድ ላይ፣ ስንሮጥ፣ ላብ ሲወጣን ነው የምንፈትነው። ደብተሩ ላይ የምጽፋቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። ሆድ ምን አለ? ከጠጣ በኋላ አፍ ይጣበቃል ወይስ ይጸዳል? ተጫዋቹ ሳይለምኑት ደግሞ ያነሳዋል ወይስ ኮዳው ሞልቶ ይመለሳል? ይህ የመጨረሻው ለኔ ትልቁ ፈተና ነው። ቁጥሩ የተዋጣለት መጠጥ ኮዳ ውስጥ ከቀረ ለማንም አልጠቀመም። አንዱን መጠጥ ወረቀቱ ላይ አንደኛ አድርጌው ነበር፣ 18 ኮዳ ሞልቼ 14ቱ ግማሽ እንኳ ሳይጎድል ተመለሰ። ሞቆ ነበር። ቀዝቃዛውን ሳወጣ ያው መጠጥ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በረዶ የሚይዝ ሳጥን ከኳሶቹ እኩል አስፈላጊ ዕቃችን ነው።

ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ። ስኳር ያለው መጠጥ እጅ ላይ ሲፈስ ይጣበቃል። በረኛችን ጓንቱ መዳፍ ላይ ፈሶበት አቧራ ያዘ፣ ከዚያ በኋላ ኳስ ሲይዝ ይንሸራተተው ጀመር። አሁን የሱ ኮዳ ጫፉን ተጭነው የሚጠጡት ዓይነት ነው፣ አጠገቡ ደግሞ ለመታጠቢያ ብቻ የሚሆን ንጹህ ውሃ አለ። ፊታችሁ ላይ ለመርጨት የስፖርት መጠጥ አትጠቀሙ፣ ዓይን ያቃጥላል።

ብዙ የሚጠይቁኝ ቤት ስለሚዘጋጀው ነው። አዎ፣ ይቻላል፣ ጥሩም ነው። በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ 60 ግራም ስኳር እና 1.5 ግራም ጨው። 60 ግራም ስኳር 15 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ጨዉ ደግሞ የሻይ ማንኪያ ሩብ። ለጣዕም የሎሚ ጭማቂ ጨምቁበት። ይህ 6 በመቶ ካርቦሃይድሬትና በ100 ሚሊ ሊትር 59 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይሰጣችኋል፣ ጠርሙሶቹ ላይ ካያችሁት ጋር የሚቀራረብ። ግን በዓይን ግምት አትሥሩት። አንድ ቀን የቡድናችን ልጅ ሊረዳኝ ብሎ ጨዉን በሾርባ ማንኪያ ጨመረው። ሁለት ተጫዋች አስመለሳቸው። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ካላችሁ በግራም መዝኑ። ወደ ኮዳ ከመገልበጣችሁ በፊት አንድ ጉንጭ ቅመሱ፣ ከላባችሁ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉት። በዚያው ቀን የሠራችሁትን በዚያው ቀን ጨርሱ፣ ስኳር ያለበት ኮዳ ቶሎ ይሻግታል። ኮዳ በጋራ አትጠጡ፣ አንድ ሰው ጉንፋን ሲይዘው ቡድኑ በሙሉ ይተኛል። የእኛዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፈን የማሊያ ቁጥር ጽፈናል።

ኃይል ሰጪ መጠጥና የስፖርት መጠጥ አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፣ እኔም አምታትቼ ነበር። ኃይል ሰጪው ካፌይን ነው ሥራው፣ በ100 ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ 32 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ስኳሩ ደግሞ 11። ጋዝ አለው። ጋዝ ይዞ መሮጥ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ካፌይን ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉት ነገሮች ዝርዝር ወጥቷል፣ ለአዋቂ ተጫዋች በልኩ ሊረዳ እንደሚችልም ይታወቃል። ግን የማታ ጨዋታ ላይ ወስዳችሁት ሌሊቱን ሙሉ ጣሪያ ስታዩ ካደራችሁ በማግስቱ ልምምድ ላይ ትከፍሉታላችሁ። ልቡ የሚመታበት፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተጫዋችም አለ። ለልጆች ደግሞ በፍጹም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥርስንም አትርሱ። እነዚህ መጠጦች ኮምጣጣ አሲድ አላቸው፣ ስኳርም አላቸው፣ እኛ ደግሞ አፋችን ደርቆ ምራቅ በሌለበት ሰዓት ነው የምንጠጣቸው። የጥርስ ሐኪሜ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ጠርዝ መሳሳቱን ስታሳየኝ ነው የነቃሁት። አሁን ከስፖርት መጠጡ በኋላ አንድ ጉንጭ ውሃ አጉመጠምጣለሁ። ወዲያው ጥርሴን አልቦርሽም፣ አሲዱ ያለሰለሰውን ብሩሽ ስለሚፍቀው ግማሽ ሰዓት ያህል እቆያለሁ።

ከጨዋታ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀስ ብሎ። ጨው ያለው ምግብ አብሮ ከተበላ ውሃ ይበቃል፣ ጨዉ ውሃውን ሰውነት ውስጥ ያቆየዋል። ለሚስማማው ሰው ወተት ከብዙ የስፖርት መጠጥ የተሻለ ፈሳሽ ይመልሳል፣ ለጡንቻ ጥገና የሚሆን ፕሮቲንም አለው። በነጋታው ጨዋታ ከሌለ መቸኮል አያስፈልግም።

የእኔን ውጤት ልንገራችሁ። አሁን በሞቃት ቀን ኮዳዬ ውስጥ ያለው ቤት የሠራሁት ነው፣ በአንድ ሊትር 50 ግራም ስኳር፣ ጨዉ ያው፣ ቀዝቃዛ። በጨዋታ 1.2 ሊትር ያህል ይወርድልኛል። ከዚያ በላይ ሆዴ አይቀበልም፣ ስለዚህ የላቤን ሁሉ ልተካ ብዬ አልታገልም። ባለፈው ወር የለካሁት ይኸው፦ ስገባ 73.8፣ ስወጣ 72.9። መስመር ተከላካያችን ጨዉን እጥፍ አድርጎ ይጠጣል። መሃል ተከላካያችን ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው፣ በእረፍት ሰዓት አንድ ሙዝ ይበላል፣ እስከ ጭማሪ ሰዓት ድረስ ይዘላል።

ባለፈው ሳምንት ከታዳጊ ቡድን ያደገ ልጅ መጣ። ገና 18 ዓመቱ ነው። ቦርሳው ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ኃይል ሰጪና አንድ ትልቅ ሰማያዊ ጠርሙስ ይዟል። "ወንድሜ፣ የትኛው ይሻላል?" አለኝ። ሁለቱንም ተቀብዬው ወንበሩ ስር አስቀመጥኩና ጥግ ያለውን ሚዛን አሳየሁት። ጫማውን ፈትቶ ወጣበት። 66.4። ደብተሩን አምጥቼ አዲስ ገጽ ከፈትኩለት።